የሕመም ዕዳ፦ ከቃራን እስከ ጤና መድኅን
የአውበሬና የጅግጅጋ አካባቢ ተሞክሮ በታሪክ ዓይን ሲታይ

መግቢያ

ከአውበሬ ከተማ ወጣ ካለ የገጠር ቀበሌ የተነሣ ጽኑ ሕሙም ጅግጅጋ ከሚገኝ ሆስፒታል ለመድረስ ከ75 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ይኖርበታል። ጉዞውንም ብቻውን አያደርገውም። ደግፎ የሚይዘው አስታማሚ፣ ከሐኪሙ ጋር የሚነጋገርለት ዘመድ፣ ብዙ ጊዜም ገንዘቡን የያዘ የቤተሰብ ሽማግሌ አብረውት ይሄዳሉ። ከሆስፒታሉ ከደረሰ በኋላ ለካርድ የሚከፍለው ገንዘብ ከጠቅላላው ወጪ እጅግ ትንሹ ነው። የመኪና ኪራይ፣ የአስታማሚዎቹ ማደሪያና ምግብ፣ የላቦራቶሪና የራጅ ክፍያ፣ በሆስፒታሉ ያልተገኘው መድኃኒት ከግል መድኃኒት ቤት ሲገዛ የሚወጣው ዋጋ ሁሉ ሲደመር የሕመሙ ሒሳብ በብር ሳይሆን በበግና በግመል ቍጥር የሚነገር ይሆናል።

የጤና ኢኮኖሚ ባለሙያዎች ለዚህ ዓይነቱ ወጪ መለኪያ አበጅተውለታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለረዥም ጊዜ በተጠቀመበት መለኪያ መሠረት፣ አንድ ቤተሰብ ለመሠረታዊ ኑሮው ከሚያስፈልገው ከተረፈው አቅሙ 40 በመቶውን ወይም ከዚያ በላይ ለሕክምና ካዋለ ወጪው ቤተሰብን የሚያናጋ ወጪ ይባላል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ዓመታዊ ሪፖርት በዓለም ላይ በየዓመቱ 150 ሚሊዮን የሚሆኑ ሰዎች እንዲህ ያለ ወጪ እንደሚደርስባቸው፣ 100 ሚሊዮን የሚሆኑት ደግሞ በዚሁ ምክንያት ከድህነት ወለል በታች እንደሚወርዱ ገምቶ ነበር። በኢትዮጵያም በተከታታይ የተካሄዱት ብሔራዊ የጤና ወጪ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ከሀገሪቱ ጠቅላላ የጤና ወጪ ሲሶ የሚጠጋው በቀጥታ ከሕሙማን ኪስ የወጣ ነበር።

የሕመም ወጪ በማን ትከሻ ላይ ይውደቅ የሚለው ጥያቄ ግን ከእነዚህ ጥናቶች እጅግ የቀደመ ነው። በአውበሬና በጅግጅጋ አካባቢ ጥያቄው ባለፉት መቶ ዓመታት ውስጥ ቢያንስ አራት የተለያዩ መልሶች አግኝቷል፤ እነርሱም የጎሳ መዋጮ፣ የመንግሥት ሆስፒታል፣ የስደተኞች ጤና ጣቢያና የጤና መድኅን ናቸው። የእያንዳንዱን መልስ ብርታትና ጉድለት ከዘመኑ ጋር አያይዞ መመርመር፣ የመጨረሻው መልስ በዚህ አካባቢ ሥር እንዲሰድ ምን እንደሚጎድለው ለመረዳት ያግዛል።

ከብቱ የቤተሰብ ባንክ

አውበሬ በሶማሌ ክልል በፋፈን ዞን፣ ከሶማሊላንድ ጋር በሚያዋስነው ድንበር አጠገብ የምትገኝ ከተማ ስትሆን ወረዳዋም በዚሁ ስም ይጠራል። ተፈሪ በር በሚለው ስምም ትታወቃለች። የአካባቢው ሕዝብ በአብዛኛው ከፊል አርብቶ አደር ነው፤ ማሽላና በቆሎ እያረሰ ግመል፣ ከብት፣ በግና ፍየል ያረባል። ኑሮው በሁለት ዝናቦች ላይ የተመሠረተ ነው። አንደኛው የበልጉ ዝናብ «ጉ»፣ ሁለተኛው ደግሞ በክረምቱ ወራት የሚጥለው «ከረን» ነው።

በእንዲህ ያለ ኑሮ ውስጥ የቤተሰቡ ጥሪት በከብቱ ላይ ያርፋል። ሕመም ሲመጣ ቀድሞ የሚሸጠው ወጠጤ ፍየል ወይም ሙክት በግ ነው። ሕመሙ ከበረታ ተራው ወደ ወላድ እንስሳት ይዞራል፤ ጉዳቱም የሚከፋው ከዚህ ላይ ነው። ወላድ የሸጠ ቤተሰብ የዛሬውን ወተት ብቻ ሳይሆን የሚመጡትን ዓመታት ግልገልም ሸጧል። መንጋው ከተወሰነ መጠን በታች ከወረደ በኋላ ራሱን ለመተካት ስለሚያዳግተው፣ ቤተሰቡ አርብቶ አደርነቱን ትቶ በከተማ ዳርቻ የቀን ሥራ ፈላጊ እስከ መሆን ይደርሳል። አንድ የቀዶ ሕክምና ወይም አንድ የተራዘመ የሕፃን ሕመም የቤተሰብን የኑሮ ዘይቤ እስከ ወዲያኛው ሊለውጥ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

የከብቱ ዋጋም ቢሆን በባለቤቱ እጅ አይደለም። የአካባቢው በግና ፍየል ከጥንት ጀምሮ በበርበራ ወደብ በኩል ወደ ዐረብ ሀገሮች፣ በተለይም ለሐጅ ወቅት ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ሲላክ ኖሯል። የሳዑዲ መንግሥት በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ሥጋት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1998 ከአፍሪካ ቀንድ የሚገቡ እንስሳትን አገደ። እገዳው ከተነሣ ብዙም ሳይቆይ በመስከረም 2000 እንደገና ተጣለና እስከ 2009 ቆየ። በእነዚያ ዓመታት ገበያው ሲጠብና የእንስሳት ዋጋ ሲወርድ የመድኃኒት ዋጋ ግን አብሮ አልወረደም። ስለዚህ ቀድሞ በአንድ በግ ይገዛ የነበረውን መድኃኒት ለመግዛት ተጨማሪ በግ ማውጣት ግድ ሆነ። ድርቅ ሲጨመር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ድርቅ ከብቱን ሲያከሳ ሕፃናቱንም ያዳክማል፤ ኩፍኝና ተቅማጥ የሚበረቱትም በዚያው ጊዜ ነው። ቤተሰቡ ከሁሉ ይልቅ ገንዘብ የሚያስፈልገው ከብቱ ምንም በማያወጣበት ወቅት መሆኑ የአካባቢው የሕመም ዕዳ መሠረታዊ ባሕርይ ነው።

ቃራን፦ ከሕመም በኋላ የሚሰበሰብ መድኅን

የሶማሌ ማኅበረሰብ ይህን ችግር ለመቋቋም ከጥንት ጀምሮ የቆየ ሥርዓት አለው። አንድ የጎሳ አባል ከአቅሙ በላይ የሆነ ችግር ሲደርስበት ዘመዶቹ ተሰብስበው እንደየአቅማቸው የሚያዋጡት ገንዘብ ወይም ከብት «ቃራን» ይባላል። ሥርዓቱ «ሔር» ከሚባለው ባህላዊ ሕግ ጋር የተሳሰረ ነው። የደም ካሳ በጋራ የሚከፍሉ ዘመዳሞች በሕመምም ጊዜ በጋራ መቆም ይጠበቅባቸዋል፤ መዋጮውን የሚያስተባብሩትም አቂሎችና ሌሎች ሽማግሌዎች ናቸው። በእስልምና የታዘዘው ዘካና በፈቃደኝነት የሚሰጠው ሰደቃም ለድኻ ሕሙማን ተጨማሪ ድጋፍ ይሆናሉ።

የቃራን ብርታት በመተማመን ላይ መቆሙ ነው። ሰጪና ተቀባይ ይተዋወቃሉ፤ ሕመሙ እውነት ስለመሆኑ ምስክር አያስፈልግም፤ ዛሬ የሰጠ ነገ እንደሚቀበል ያውቃል። ከእ.ኤ.አ. 1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ብዙ ዘመዶች በባሕር ማዶ ስለሚኖሩ የመዋጮው ድንበር ሰፍቷል። በስልክ የተነገረ ጥሪ በሐዋላ የተላከ ገንዘብ ይዞ ይመለሳል። በዚህ መንገድ ከጅግጅጋ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ውጭ ሀገር ተልከው የታከሙ ሕሙማን አሉ።

ጉድለቱም ግን ግልጽ ነው። አንደኛ፣ ቃራን የሚሰበሰበው ሕመሙ ከደረሰ፣ አብዛኛውንም ጊዜ ከበረታ በኋላ ነው። ገንዘቡ እስኪጠራቀም የሚያልፉት ቀናት ለአንጀት መታጠፍ ወይም ለምጥ መራዘም እጅግ ውድ ቀናት ናቸው። ሁለተኛ፣ ለአንድ ጊዜ አደጋ እንጂ ዕድሜ ልክ መድኃኒት ለሚጠይቅ ሕመም አይመችም። የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመምተኛ በየወሩ ቃራን ሊጠይቅ አይችልም፤ ቢጠይቅም ያፍራል። ሦስተኛ፣ ድርቅ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ስለሚመታ ሰጪና ተቀባይ እኩል ይደኸያሉ። አራተኛ፣ ወገኑ ጥቂት የሆነ ሰው፣ ከትውልድ ቀዬው ርቃ ባሏ የሞተባት ሴት ወይም ከሌላ አካባቢ የመጣ መጻተኛ ድምፁ የሚሰማው በዝቅተኛ ድምፅ ነው።

በደገኛውና በከተማው ሕዝብ ዘንድ ካለው እድር ጋር ሲነጻጸር የሁለቱ ልዩነት ትምህርት ይሰጣል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በከተሞች የተስፋፋው እድር አባላቱ በየወሩ ቀድመው የሚያዋጡበት፣ መዝገብና ዳኛ ያለው ማኅበር ነው፤ ይሁን እንጂ ዋነኛ ዓላማው ለቀብርና ለለቅሶ ነው። ቃራን በአንጻሩ ለሕያው ሕመምተኛ ይደርሳል፤ ቀድሞ ግን አይሰበሰብም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ኢትዮጵያዊ የኅብረተሰብ ጤና ምሁር ጥናት እድሮችን ለሕክምና ወጪ መሸፈኛነት መጠቀም ይቻል እንደሆነ መርምሮ፣ በነባር ማኅበራት ላይ የተመሠረተ የጤና መድኅን ሊታሰብበት የሚገባ አማራጭ መሆኑን አመልክቷል። ከእድር ቀድሞ መክፈልን፣ ከቃራን ደግሞ በሕመም መድረስን የወሰደ ተቋም ቢኖር ያ ተቋም የጤና መድኅን በሆነ ነበር።

የመንግሥት ሆስፒታልና የነፃ ሕክምና ወረቀት

ዘመናዊ ሕክምና በኢትዮጵያ ሲጀመር የገንዘቡ ምንጭ ቤተ መንግሥትና የውጭ ተልእኮዎች ነበሩ። ከዐድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን፣ ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ1910 የተቋቋመው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዚህ ምሳሌዎች ናቸው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1940 ዓ.ም. ራሱን ችሎ ከተቋቋመ በኋላ የመንግሥት ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች ወጪ በዋናነት ከመንግሥት ግምጃ ቤት የሚሸፈን ሆነ። ሕመምተኛው መጠነኛ ክፍያ ይከፍላል፤ መክፈል የማይችለው ደግሞ ከአካባቢው አስተዳደር የድህነት ማስረጃ ይዞ በነፃ ይታከማል።

ይህ አሠራር ለዐሥርተ ዓመታት ብዙ ሕይወት ያዳነ ቢሆንም ሁለት ሥር የሰደዱ ችግሮች ነበሩበት። የመጀመሪያው፣ ጤና ተቋማት ከሕሙማን የሰበሰቡትን ገቢ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ፈሰስ ማድረግ ግዴታቸው ስለነበር ከክፍያው መድኃኒት የሚገዙበት አንዳች አልነበራቸውም። ሕመምተኛው ይከፍላል፤ መደርደሪያው ግን ባዶ ነው። ሁለተኛው ችግር የነፃ ሕክምና ወረቀቱ ራሱ ነው። ወረቀቱን የሚሰጠው ሹም ሰውየውን በቋሚ ነዋሪነት እንዲያውቀው ይጠበቃል። ከጉ እስከ ከረን በግጦሽ ፍለጋ የሚዘዋወር አርብቶ አደር ግን በየትኛው መዝገብ ይገኛል? ሕመምተኛው ጅግጅጋ ከደረሰ በኋላ ወረቀት ለማምጣት ወደ ኋላ መመለስ የማይታሰብ ነበር።

በዚሁ ዘመን ለአካባቢው ሕዝብ ምን ዓይነት አገልግሎት እንደሚስማማ ያሳየ ታላቅ ሥራ በአንጻሩ ተከናውኗል። በፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ ከታቢዎቹ የአርብቶ አደሩን እግር ተከትለው ተጓዙ፤ አንዳችም ክፍያ አልጠየቁም። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1976 በኦጋዴን በረሃ ተገኘ፤ በተፈጥሮ የተያዘው የዓለም የመጨረሻው ሕመምተኛም በቀጣዩ ዓመት በሶማሊያዋ መርካ ከተማ ታየ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት አካባቢውን አናጋው። ጅግጅጋ በመስከረም 1970 ተይዛ በየካቲት ነፃ እስክትወጣ ድረስ በጦር ሜዳ ውስጥ ቆየች። እ.ኤ.አ. በ1978 በአልማ አታ የታወጀው «ጤና ለሁሉም» የሚለው ዓላማ ለዓለም በተነገረበት ዓመት አካባቢው ገና ከጦርነት ቁስሉ አላገገመም ነበር።

የስደተኞች ጤና ጣቢያ ያስተማረው

ሦስተኛው መልስ ከድንበር ማዶ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1988 በሐርጌሳና በቡራኦ የተቀሰቀሰው ውጊያ በመቶ ሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ወደ ኢትዮጵያ አሰደደ። ሐርትሼክ በአንድ ወቅት ከዓለም ትልቁ የስደተኞች መጠለያ እስከ መባል ደርሶ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ የሶማሊያ መንግሥት ሲፈርስ በተፈሪ በርና በደርዋናጄም መጠለያዎች ተከፈቱ። ስደተኞቹ ወደ ቀዬአቸው መመለስ ሲጀምሩ መጠለያዎቹ በየተራ ተዘጉ፤ ሐርትሼክም እ.ኤ.አ. በ2004 ተዘጋ። ይሁን እንጂ በደቡብና በመካከለኛው ሶማሊያ ጦርነቱ ስላልበረደ እ.ኤ.አ. በ2007 የአውበሬ፣ በ2008 ደግሞ የሸደር መጠለያዎች ለአዲስ ስደተኞች ተቋቋሙ።

በመጠለያዎቹ ውስጥ የተከፈቱት ጤና ጣቢያዎች አገልግሎታቸው በነፃ ነበር። ለስደተኞች ቢቋቋሙም የአካባቢው ነዋሪ እንዲጠቀምባቸው አልተከለከለም። በዚህም ለብዙ የአውበሬ ገጠር ቤተሰብ ቅርብ፣ መድኃኒት ያለውና ክፍያ የማይጠይቅ ሕክምና ምን እንደሚመስል በዓይን ታየ። ነዋሪው ዘመናዊ ሕክምናን የሚሸሸው በልማድ ምክንያት ነው ይባል የነበረውም አስተያየት ከዚህ ተሞክሮ ጋር አልተስማማም። ርቀቱና ዋጋው ሲወገድ ሰዎች መጡ።

ከድንበሩ ባሻገር በቦረማ ከተማም ተመሳሳይ ትምህርት የሰጠ ሥራ ነበር። ጣሊያናዊቷ አናሌና ቶኔሊ በሰሜን ኬንያ በዋጅር እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን አርብቶ አደሮችን በሕክምና ጣቢያው አጠገብ አስፍራ፣ መድኃኒታቸውን በዓይኗ እያየች የምታስውጥበትን ዘዴ ጀምራ ነበር። በ1990ዎቹ ወደ ቦረማ መጥታ ያቋቋመችው የሳንባ ነቀርሳ ማእከል በዚሁ መንገድ ሕሙማንን ያለ ክፍያ አክሟል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን የናንሰን ሽልማት ተሸላሚ ብትሆንም፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር በቦረማ ተገደለች። የሥራዋ ቁም ነገር መድኃኒትን በነፃ ከመስጠት የሰፋ ነበር። ማደሪያና ምግብ ካልተገኘ በስተቀር በነፃ የተሰጠ መድኃኒትም ቢሆን ለአርብቶ አደሩ ውድ መሆኑን ተረድታለች።

የስደተኞች አገልግሎት ግን በራሱ መሠረት ላይ የቆመ አልነበረም። ገንዘቡ ከለጋሾች የሚመጣ በመሆኑ የዓለም ትኩረት ወደ ሌላ ጦርነት በዞረ ቁጥር ይሳሳል፤ መጠለያው ሲዘጋም ጤና ጣቢያው አብሮ ይዳከማል። በነፃ የተገኘው አገልግሎት ሲቋረጥ ነዋሪው ተመልሶ ወደ ቃራንና ወደ በጎቹ ይዞራል።

የፋይናንስ ማሻሻያውና የጤና መድኅን

በዓለም ላይ የጤና መድኅን በሕግ የታወጀው በጀርመን ሲሆን፣ ዘመኑም የቢስማርክ መንግሥት የሠራተኞችን የሕመም መድኅን ሕግ ያወጣበት እ.ኤ.አ. 1883 ነው። ያ ሕግ በባዶ ቦታ ላይ አልተሠራም፤ ቀድሞ በነበሩ የሙያተኞችና የማዕድን ሠራተኞች መረዳጃ ማኅበራት ላይ ተመሥርቷል። በአፍሪካም ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስት ወረዳዎች የጀመረችው የመረዳጃ መድኅን ኋላ ሀገር አቀፍ ሆኗል። ጋና ደግሞ «ክፈልና ታከም» ይባል የነበረውን አሠራር ለመለወጥ በ2003 የብሔራዊ ጤና መድኅን ሕግ አውጥታለች።

በኢትዮጵያ የለውጡ መነሻ በ1990 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት የጸደቀው የጤና አገልግሎትና ፋይናንስ ስትራቴጂ ነው። በዚህ ስትራቴጂ መሠረት ጤና ተቋማት ገቢያቸውን ራሳቸው ጋ አስቀርተው ለመድኃኒትና ለአገልግሎት ማሻሻያ እንዲያውሉት ተፈቀደ፤ በሥራ አመራር ቦርድ እንዲመሩ ተደረገ፤ የነፃ ሕክምና ተጠቃሚዎችም ሕመም ሳይመጣ አስቀድመው ተለይተው ምስክር ወረቀት እንዲያገኙ ተወሰነ። ክትባት፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና፣ የእናቶች ወሊድና የመሳሰሉት አገልግሎቶች ለሁሉም ከክፍያ ነፃ ሆኑ። ማሻሻያውን ቀድመው በክልል ሕግ ሥራ ላይ ያዋሉት አማራ፣ ኦሮሚያና የደቡብ ክልሎች ነበሩ።

ቀጥሎ የመጣው መድኅኑ ነው። የማኅበራዊ ጤና መድኅን አዋጅ ቁጥር 690/2002 በመደበኛ ሥራ ላይ ላሉ ሠራተኞችና ለጡረተኞች ታወጀ። በወጣው ደንብ መሠረት ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም ያንኑ ያህል እንዲያዋጡ ቢወሰንም፣ ከሠራተኞች በቀረበ ቅሬታና በአገልግሎት ጥራት ሥጋት ምክንያት ሥራ ላይ መዋሉ በተደጋጋሚ ተራዘመ። መደበኛ ደመወዝ ለሌለው ገበሬና አርብቶ አደር የታሰበው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ግን በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። በአማራ ክልል ተሁለደሬ፣ ፎገራና ደቡብ አቸፈር ከእነዚህ መካከል ነበሩ። መዋጮው አነስተኛ ነበር፤ በኦሮሚያ ለምሳሌ ለአንድ ቤተሰብ በወር 15 ብር ተወስኖ ነበር። የፌዴራል መንግሥት ከመዋጮው 25 በመቶ ድጎማ ሲጨምር፣ መክፈል የማይችሉትን ቤተሰቦች መዋጮ ደግሞ ክልልና ወረዳ ሸፈኑ።

ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ነበር። የመድኅን አባላት ወደ ጤና ጣቢያ ቶሎ መምጣት ጀመሩ። በሙከራ ወረዳዎቹ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው አባል የሆነ ቤተሰብ ለመበደር የሚገደድበት ዕድል በ5 የመቶኛ ነጥብ ቀንሷል። መርሐ ግብሩም በቀጣዮቹ ዓመታት ተስፋፍቶ ብዙ ወረዳዎችን አዳረሰ።

የሶማሌና የአፋር ክልሎች ከሙከራው ውጭ መሆናቸው ግን በታሪኩ ውስጥ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ለሙከራ የተመረጡት ወረዳዎች ጤና ጣቢያቸው ተደራሽ የሆነ፣ የገቢ አጠቃቀሙን ማሻሻያ አስቀድመው የጀመሩ ነበሩ። ይህ መስፈርት ለአዲስ አሠራር ተገቢ ቢሆንም፣ ተቋማቱ የራቁበትና ሕዝቡ የሚንቀሳቀስበት አካባቢ በመስፈርቱ ራሱ ወደ ኋላ እንዲቀር አድርጓል። በዚህም ሥርዓቱ በሰፈረ ገበሬ ኑሮ ልክ ተቀርጾ፣ ካደገ በኋላ ወደ አርብቶ አደሩ ተወሰደ።

መድኅኑ በአርብቶ አደር ምድር

ካለፉት ሦስት መልሶች የተገኘው ትምህርት መድኅኑ በአውበሬና በመሰል ወረዳዎች ሊያሟላቸው የሚገቡ ጉዳዮችን ይጠቁማል።

የመጀመሪያው የመዋጮ ወቅት ነው። በደጋው ክፍል መዋጮ የሚሰበሰበው ምርት በሚገባበት ወራት ነው። በአውበሬ ግን የማሽላው አዝመራ፣ የበጉ መወፈርና የሐጅ ገበያ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቀን አላቸው፤ ሐጅም በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚመራ በየዓመቱ ካለፈው ዓመት ቀደም ብሎ ይመጣል። ገንዘብ በሌለበት ወር የሚመጣ ሰብሳቢ አባል አያገኝም።

ሁለተኛው የመታወቂያ ደብተሩ ተቀባይነት ነው። መድኅኑ የተደራጀው በወረዳ ሲሆን አባሉ በቅድሚያ ውል ወደ ተገባበት ጤና ጣቢያ መሄድና ሪፈር ተጽፎለት ወደ ሆስፒታል ማለፍ ይጠበቅበታል። ይህ ቅደም ተከተል ለሕክምና ሥርዓቱ ጠቃሚ ነው። ከብቱን ይዞ ሦስት ወረዳ አቋርጦ ለሚኖር ቤተሰብ ግን ደብተሩ በደረሰበት ካላገለገለው፣ መድኅኑ የድሮውን የነፃ ሕክምና ወረቀት ጉድለት ወርሷል ማለት ነው።

ሦስተኛው የመጓጓዣ ወጪ ነው። መድኅኑ የሕክምናውን ክፍያ እንጂ የመኪናውንና የአስታማሚውን ማደሪያ አይሸፍንም። ከላይ እንደታየው በአውበሬ ገጠር ዋናው ወጪ ይኸው ነው። ከቦረማ የተገኘው ትምህርት ከዚህ ላይ ይሠራል፤ ለአምቡላንስና ለሕሙማን ማረፊያ የሚውል ገንዘብ ከመድኅኑ ውጭም ቢሆን ካልታሰበ የመድኅኑ ጥቅም በመንገድ ላይ ይቀራል።

አራተኛውና ዋነኛው እምነት ነው። ቃራን ከሕመም በኋላ ይሰበሰባል፤ ሰጪውም ገንዘቡ የት እንደ ዋለ ያያል። መድኅን ደግሞ ከሕመም በፊት ይሰበሰባል፤ ጤነኛው ሰው ላላየው ሕመም፣ ለማያውቀው ሰው እንዲከፍል ይጠይቃል። ይህን የጊዜ ለውጥ ሊያስተካክለው የሚችለው መድኃኒት በመደርደሪያው ላይ መገኘቱ ብቻ ነው። ከፍሎ የመጣ አባል «መድኃኒት የለም፤ ከውጭ ግዛ» ከተባለ፣ በቀጣዩ ዓመት አያድስም፤ ወሬውም በገበያ ቀን ከእርሱ ቀድሞ ይደርሳል። በሌሎች ክልሎች አባላት እንዳያድሱ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው የመድኃኒት እጥረት ነበር።

በሌላ በኩል ማኅበረሰቡ ለመድኅን ሐሳብ እንግዳ አይደለም። ጤነኛው ለታመመው፣ ያለው ለሌለው ማዋጣቱ በሔርም በሃይማኖቱም የታዘዘ ነው። አቂሎችና የሃይማኖት አባቶች የመዋጮውን ሒሳብ የሚያዩበትና ድኾችን በመለየቱ ሥራ የሚሳተፉበት አደረጃጀት ቢኖር፣ መድኅኑ ከቃራን እምነቱን ይወርሳል። ይሁን እንጂ ወገነ ጥቂቶች፣ ባል የሞተባቸውና መጻተኞች በጎሳ ሚዛን እንዳይቀሩ የልየታው ውሳኔ በግልጽ የሚነበብና አቤቱታ የሚቀርብበት መሆን አለበት። የመንግሥት መድኅን ከጎሳ መዋጮ የሚበልጥበት አንዱ ምክንያት ወገን ለሌለውም ወገን መሆን መቻሉ ነው።

ማጠቃለያ

በአውበሬና በጅግጅጋ አካባቢ የሕመምን ወጪ በጋራ መሸከም አዲስ ነገር አይደለም። ቃራን መተማመንን፣ የመንግሥት ሆስፒታል ሙያን፣ የስደተኞች ጤና ጣቢያ ቅርበትንና የመድኃኒት መኖርን አሳይተዋል። እያንዳንዳቸውም የጎደላቸው ነበር፤ አንዱ ይዘገይ ነበር፣ ሁለተኛው ይርቅ ነበር፣ ሦስተኛው በሌሎች ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። የጤና መድኅን የእነዚህን ብርታት አጣምሮ የመያዝ ዕድል አለው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ለሕዝቡ የጤናና ሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶችን ለማቅረብ በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። የአርብቶ አደር መዋጮ ይህን ግዴታ ያግዛል እንጂ አይተካውም። በድርቅ ዓመት መዋጮው ሲቀንስ ድጎማው መጨመር ይኖርበታል፤ ሕመሙ የሚበረታው በዚያው ዓመት ነውና። የመድኅኑ ስኬት በመዝገብ ላይ በሰፈሩት አባላት ብዛት ብቻ ሊለካ አይገባም። ከጅግጅጋ ሆስፒታል ድኖ የተመለሰ ሕመምተኛ ወላድ በጎቹን በበረቱ ውስጥ ማግኘቱ ከሁሉ የታመነ መለኪያ ይሆናል።